የክፍል ማስታወሻዬን ወደ ስልክ ላዛውር ብል ፊደሉ ሁሉ ተበላሸብኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

የቢቸናው መምህር

ጤና ይስጥልኝ። ቢቸና አማርኛ አስተምራለሁ። ባለፉት ዓመታት በኮምፒውተር የጻፍሁት የክፍል ማስታወሻ አለኝ፤ 140 ገጽ ይሆናል። ሰዋስው አለበት፣ ግጥም አለበት፣ ትንሽ ቅኔ አለበት፣ የፈሊጣዊ አነጋገር ሰንጠረዥም አለበት። ፎቶ ኮፒ እናስደርገው ብንል ለብዙው ቤተሰብ ወጪው ከባድ ነው። ስልክ ግን አብዛኞቹ ልጆች ቤት አለ፤ የራሳቸው ባይሆን የወንድማቸው ወይ የአባታቸው። ስለዚህ ፒዲኤፍ አድርጌ በቴሌግራም ላክሁላቸው።

ከሳምንት በኋላ ስጠይቅ ያነበበው ጥቂት ነው። ተቆጣሁ። አንዷ ልጅ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ገጹ እንዳለ ሲከፈት ፊደሉ የጤፍ ፍሬ አክሏል። ስታሰፋው ደግሞ የመስመሩ ግማሽ ከስክሪኑ ይወጣል። ወደ ቀኝ ትጎትታለች፣ መስመሩን ትጨርሳለች፣ ወደ ግራ ትመለሳለች፣ ያን ጊዜ የቱ መስመር ላይ እንደነበረች ይጠፋታል። አንድ አንቀጽ አብሬያት ሞከርሁ፤ እኔም አልቻልሁም። ልጆቹን በከንቱ ነው የተቆጣሁት።

ከዚያ ኢፐብ የሚባል ለስልክ የሚመች ፋይል እንዳለ ሰማሁ። ካሊበር የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫንሁ፣ በማይክሮሶፍት ወርድ የጻፍሁትን ፋይል፣ ወርዱን፣ ሰጠሁት፣ ቀየረልኝ። ስልኬ ላይ ስከፍተው ግን አንድም የግዕዝ ፊደል የለም። የላቲን ፊደል፣ ሰረዝ፣ ነጥብ፣ የገንዘብ ምልክት ሳይቀር ተዘበራርቋል። ወርዱ ኮምፒውተሬ ላይ ሲከፈት ደህና ነው። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትሁት?

ማርቆስ ታይፒስት

መምህር፣ ስህተቱ የእርስዎ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ቤት ነው የምሠራው፤ እንዲህ ያለ ፋይል በየሳምንቱ ይመጣልኛል። መጀመሪያ አንድ ነገር ይሞክሩ። ከወርዱ ላይ አንድ መስመር ኮፒ አድርገው በቴሌግራም ለራስዎ ይላኩት። በግዕዝ ከመጣ ጽሑፉ ዩኒኮድ በሚባለው የዛሬው የፊደል ሥርዓት ነው፣ ችግሩን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ዝብርቅርቅ ከመጣ ግን የተጻፈው በድሮ ፎንት ነው።

የቢቸናው መምህር

ሞከርሁት። የመጀመሪያዎቹ 90 ገጾች ዝብርቅርቅ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው በግዕዝ መጣ። አዎ፣ ከ91 ጀምሮ ያለውን በሌላ ኮምፒውተር ነው የጻፍሁት።

ማርቆስ ታይፒስት

እንግዲያው ተገኘ። ነገሩን ካልተረዱት መልሶ ስለሚያጋጥምዎ ትንሽ ላብራራ። የድሮ ኮምፒውተር ግዕዝን አያውቅም ነበር። አንድ ፎንት መያዝ የሚችለው 256 ቦታ ነው፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለኮምፒውተሩ ለራሱ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ነው። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ ፎንት ሠሪዎቹ በላቲን ፊደል ቦታ የግዕዝ ቅርጽ አስቀመጡ። አንዳንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ ገጣጠሙት፣ አንዳንዱን ወደ ሁለተኛ ፎንት አሻገሩት። ያን ጊዜ ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ስንት መጽሐፍና ስንት ደብዳቤ የታተመው በእነሱ ድካም ነው። ግን ፋይሉ ውስጥ ያለው ላቲን ነው። ግዕዝ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ስልክዎ ያ ፎንት ስለሌለው ውስጡ ያለውን እንዳለ አሳየዎት።

ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያስገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ በ3.0 እትሙ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ሀ የትም ቢሄድ ሀ ነው። ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ብዙ ቢሮና ብዙ ታይፒስት ግን በለመደው ቀጠለ፤ እኔ ራሴ ሥራ ስጀምር የተማርኩት በድሮው ነው።

አሁን የሚያስፈልግዎ የ90ውን ገጽ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። ለዚህ የተሠሩ መቀየሪያዎች አሉ፤ ግን መቀየሪያው የእርስዎን ፎንት በስም የሚያውቅ መሆን አለበት፣ የአንዱ ፎንት ለሌላው አይሆንም። ጽሑፉን መርጠው የፎንቱን ስም ይዩና ይንገሩኝ። አንድ ጥንቃቄ፦ መካከል ላይ እንግሊዝኛ ቃል ካለ መቀየሪያው እሱንም ግዕዝ ያደርገዋል፣ ትርጉም የሌለው ነገር ይሆናል። ከመቀየርዎ በፊት እንግሊዝኛውን በቀለም ያስምሩበት፣ በኋላ አንድ በአንድ ይመልሱታል።

የአዴት ዲኤ

ይህን ጥያቄ በማየቴ ደስ ብሎኛል። ይልማና ዴንሳ ላይ የግብርና ባለሙያ ነኝ። የሥልጠና ማኑዋል በሶፍት ኮፒ ይሰጠናል፤ ሁሉም ኤ4 ፒዲኤፍ ነው። ማሳ ላይ ቆሜ ገበሬው ስለ ማዳበሪያ ሲጠይቀኝ ስልኬን አውጥቼ ሰንጠረዡን ልፈልግ ስል ፀሐዩ፣ የፊደሉ ማነስ፣ ወዲያ ወዲህ መጎተቱ ተደምሮ ያሳፍረኛል። ገበሬው ሥራውን አቁሞ ይጠብቀኛል። እኔ ግን መቀየሪያ የምጭንበት ኮምፒውተር የለኝም፤ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ መጫን አይፈቀድም። ለእኔ ቢጤ ቀላል መንገድ የለም?

ጣና ዳር

አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ሃንድአውቶቼን እንዲህ ነው የማነበው። ምንም ፕሮግራም አይፈልግም፤ የሚፈልገው ወርድ ብቻ ነው።

ነገሩ ሒሳብ ነው። የኤ4 ወረቀት የጎን ስፋት 210 ሚሊሜትር ነው። የስልክ ስክሪን የጎን ስፋት 70 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ገጹ አንድ ሦስተኛ ሆኖ ይኮማተራል፤ በ12 የተጻፈ ፊደል 4 ይሆናል ማለት ነው። 4ን ማን ያነባል? ወርዱን ክፈትና በፔጅ ሌይአውት ስር የወረቀቱን መጠን ወደ ኤ6 ቀይረው፤ 105 በ148 ሚሊሜትር ነው። ማርጂኑን በአራቱም በኩል 5 ሚሊሜትር አድርግ። ፊደሉን 14 ወይም 16 አድርግ። ከዚያ ፒዲኤፍ አድርገህ አስቀምጥ። አሁን ገጹ ስልኩ ላይ ሲከፈት መጎተት የለም፤ ወደ ታች ብቻ ነው። የገጹ ብዛት አራትና አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ አትደንግጥ፤ የሚታተም ነገር አይደለም።

ለመምህሩም ይጠቅማል። በድሮ ፎንት የተጻፈው ሳይቀየርም ይሠራል፤ ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ ሲደረግ የፊደሉ ቅርጽ አብሮ ይታሰራልና። ጉድለቱ ቃል መፈለግና ኮፒ ማድረግ አይቻልም። ፊደሉን ሌላ ሰው በራሱ ዓይን ልክ ማስፋትም አይችልም። ግን ለዛሬ ማታ ይደርሳል።

ማርቆስ ታይፒስት

ጣና ዳር ያለው ትክክል ነው፣ እኔም ለቸኮለ ደንበኛ እንደዚያ ነው የማደርገው። ግን መምህር፣ ማስታወሻዎ ለዓመታት የሚሠሩበት ስለሆነ በኤ6 ብቻ አይቁሙ። ፒዲኤፍ የተሠራው ገጹ በየትም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲታይና እንዲታተም ነው። ያ ጥንካሬው ነው፤ ስልክ ላይ ግን ያው ጥንካሬው እንቅፋት ይሆናል። ኢፐብ ገጽ የሚባል ነገር የለውም። ጽሑፉ እንደ ውኃ ነው፣ በያዘው ዕቃ ልክ ይሆናል። አባትዮው በትልቅ ፊደል፣ ልጅቷ በትንሽ ፊደል፣ ሁለቱም ያለ መጎተት ያነባሉ።

የቢቸናው መምህር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ የኤ6ውን ለልጆቹ ላክሁ። ዛሬ ጠዋት ገና ሰልፍ ላይ ሦስት ልጆች እየመጡ «አሁን ይነበባል» አሉኝ። መቀየሪያውም ተገኘ፤ የፎንቱን ስም አይቼ ለማርቆስ ታይፒስት በውስጥ ነገርሁት፣ እሱ ነው የረዳኝ። 90ው ገጽ ዩኒኮድ ሆነ።

ከዚያ ግን አንድ ስህተት ሠራሁ። በዩኒኮድ ከጻፍሁት ማስታወሻ ጥቂት ገጽ ወርዱ ጠፍቶ ፒዲኤፉ ብቻ ነው የቀረኝ፣ እሱን ኮፒ አድርጌ ወርድ ላይ ለጠፍሁ። በየመስመሩ መጨረሻ ኢንተር ገብቶበታል። ስልክ ላይ ሲከፈት አንድ መስመር ሙሉ፣ ቀጥሎ ሁለት ቃል ብቻ፣ እንደገና አንድ ሙሉ፣ እንደገና ሁለት ቃል። አንድ ወዳጄ ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ገብተህ የአንቀጹን ምልክት ሁሉ በስፔስ ተካ አለኝ። ተካሁ። ስድ ንባቡ ተስተካከለ። ግጥሙ ግን ሁሉ ተያይዞ አንድ አንቀጽ ሆነ። የወል ቤት ግጥሞቼ የት እንደሚጀምሩ የት እንደሚያልቁ አይታወቅም። የሠሩትን ወደ ኋላ የሚመልሰው ኮንትሮል ዜድ ባይኖር ልቤ ይሰበር ነበር።

የዲማው ደቀ መዝሙር

መምህር፣ ግጥም የነካ ነገር ስላየሁ ገባሁ። ዲማ አካባቢ ነኝ፤ ቅኔ እማራለሁ፣ በስልክም እጽፋለሁ። በግጥምና በቅኔ የመስመሩ መጨረሻ የቃሉን ያህል ዋጋ አለው፤ ቤት የሚመታው እዚያ ነው። ስለዚህ ከመተካትዎ በፊት ግጥሙን ለብቻው ያድኑ። ግጥሙን ብቻ ይምረጡ፤ በሪፕሌስ ውስጥ ሞር፣ ከዚያ ስፔሻል የሚለውን ይክፈቱ፤ ፓራግራፍ ማርክ የሚለውን ማኑዋል ላይን ብሬክ በሚለው ይተኩ። ይህ ሺፍት ይዘው ኢንተር ሲመቱ የሚገባው ዓይነት መስመር ነው። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ለይቶ ያያቸዋል። ለግጥሙ ሁሉ እንዲህ ካደረጉ በኋላ የቀረውን የአንቀጽ ምልክት በስፔስ ቢተኩ ግጥሙ አይነካም።

አንድ ነገር ረሳሁ። በእውነተኛ አንቀጾች መካከል ባዶ መስመር ካለ ሁለት የአንቀጽ ምልክት ተከታትሎ ነው ያለው። እሱን አስቀድመው ሌላ ቦታ በሌለ ምልክት፣ ለምሳሌ በሦስት ኮከብ ይተኩት፤ መጨረሻ ላይ ኮከቡን ወደ አንቀጽ ይመልሱታል። አለበለዚያ 140ውም ገጽ አንድ አንቀጽ ይሆናል።

የወል ቤት እንኳ 12 ቀለም፣ ማለት 12 የሚነበብ ድምፅ፣ ስለሆነች ስልክ ላይ ትገባለች፤ ብትተርፍም 6 በ6 ስለምትከፈል ዓይን አይስታትም። ቅኔ ግን ቤቱ፣ ማለት ስንኙ፣ ይረዝማል። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት ነው፣ ስልክ ላይ አራት ወይም አምስት መስመር ይሆናል፣ ተማሪው የቱ ቤት የቱ ትራፊ እንደሆነ ግራ ይገባዋል። መወድስ የሚባለውማ 8 ቤት ነው። እኔ ወርድ ላይ ፓራግራፍ ውስጥ ሃንጊንግ የሚለውን አበጅቼለታለሁ፤ እያንዳንዱን ቤት ለብቻው አንቀጽ አድርጌ ማለት ነው፣ ሺፍት ኢንተሩ ለዚህ አይሆንም። የቤቱ መጀመሪያ ከዳር ይነሳል፣ የተረፈው ገባ ብሎ ይቀመጣል። ኢፐብ ሲሆንም ይህ አይጠፋም።

የፍኖተ ሰላሟ እናት

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፣ ግን ልጄ 8ኛ ክፍል ናት፣ የምታነበው በእኔ ስልክ ነው። ስልኬ ቦታ የለውም። አንድ መምህር የላኩላትን መጽሐፍ ላወርድ ስል ካርዴ አለቀ፤ የገጽ ፎቶ ነው አሉኝ። ይህ ኢፐብ የምትሉት ምን ያህል ሜጋ ይበላል? ሲነበብስ ኔት ይፈልጋል?

ማርቆስ ታይፒስት

እህቴ፣ ኢፐብ ሲነበብ ኔት አይፈልግም። አንዴ ከገባ ገባ ነው። መጠኑም ትንሽ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው የሚይዘው። አንድ ገጽ ላይ 2,000 ፊደል ቢኖር 6 ኪሎባይት ነው። 100 ገጽ 600 ኪሎባይት፤ አንድ ሜጋ እንኳ አይሞላም። ኢፐብ ደግሞ ውስጡ ዚፕ፣ ማለት የታመቀ ፋይል፣ ስለሆነ ከዚያም ያንሳል። የፎቶ ፋይል የከበደው እያንዳንዱ ገጽ ሥዕል ስለሆነ ነው። ለማንበቢያ ሪድኢራ የሚባለውን ይጫኑ። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ኢፐብም ፒዲኤፍም ወርድም ይከፍታል። ሊብሬራም ጥሩ ነው። ጎረቤት ስልክ ላይ ካለ ዜንደር በሚባለው የፋይል መላላኪያ መቀባበል ይቻላል፣ ካርድ አይነካም።

ጣና ዳር

ለእህታችን ልጨምር፤ የገጽ ፎቶ ለሆነውም መላ አለ። ኬኦሪደር የሚባል መተግበሪያ አለ፤ ሪፍሎው የሚለውን ሲያበሩለት የገጹን ፎቶ ቃል በቃል ቆርጦ ለስክሪኑ ልክ ደግሞ ይደረድረዋል። ፊደሉን ማወቅ አይጠበቅበትም፣ ግዕዝም ቢሆን ይሠራል፣ የሚያየው የቀለሙን ቅርጽና ክፍተቱን ነው። ገጹ ጠማማ ሆኖ ከተነሳ ይሳሳታል።

ፎቶውን ወደ እውነተኛ ፊደል ለመቀየር ቴሰራክት የሚባለው ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። እኔ 30 ገጽ ሞክሬበት ሰዓታት ወሰደብኝ፤ ንባቡ ፈጣን ነው፣ እርማቱ ነው የሚፈጀው። በ እና ሰን፣ ከ እና ክን፣ ዐ እና ዜሮን እየቀላቀለ። በእጅ ለተጻፈ ግን አትሞክሩት።

የዲማው ደቀ መዝሙር

እርማት ካነሳችሁ፣ ግዕዝ ያለበትን ጽሑፍ ፊደል ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ወጣ ማለት ነው፣ ፀሐይ ሠረቀ ይባላል። ሰረቀ በእሳቱ ሰ ያው ሰረቀ ነው። ማሽኑ ቢቀያይራቸው አንባቢው አይባንንም፣ ምሥጢሩ ግን ፈረሰ። በአማርኛም ቢሆን ፍለጋ ላይ ያስቸግራል። ማስታወሻው ውስጥ «ሥራ» ተብሎ ተጽፎ ተማሪው «ስራ» ብሎ ቢፈልግ ስልኩ አላገኘሁም ይለዋል። መምህር፣ አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻ በእሱ ይጻፉ።

ሌላው፣ ከአራት ነጥብ በፊት ስፔስ አይተዉ። ወረቀት ላይ ምንም አይልም። ስልክ ላይ ግን አራት ነጥቡ ብቻውን ወደ ታች ወርዶ የመስመር መጀመሪያ ይሆናል። በጣም ይረብሻል።

የአዴት ዲኤ

የእኔ ጥያቄ ግማሹ ተመልሷል። የኤ6ውን መንገድ የሥልጠናው ማኑዋል ላይ ሞከርሁ፤ አሠልጣኙን ወርዱን ለምኜ አገኘሁ። ጽሑፉ ተስተካከለ። ሰንጠረዡ ግን 7 ዓምድ ነው፤ በኤ6 እያንዳንዱ ዓምድ አንድ አንድ ፊደል ይዞ ቁልቁል ተንጠለጠለ። ምን ይሻላል?

ማርቆስ ታይፒስት

ወንድሜ፣ 7 ዓምድ በቆመ ስልክ ላይ አይገባም፣ በምንም ዘዴ። እኔ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ቁጥሩ የሚነጻጸር ከሆነ ያን ገጽ ብቻ ላንድስኬፕ አድርጌ ስልኩ ተጋድሞ እንዲነበብ አደርገዋለሁ። የአንተ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። ገበሬው ስለ ጤፍ ሲጠይቅህ ስለ ጤፍ ብቻ ነው የምትፈልገው፣ ሌላው ረድፍ አያስፈልግህም። ስለዚህ ሰንጠረዡን ፍታው። ጤፍ ብለህ ርዕስ ስጠው፤ ከስሩ የአፈሩን ዓይነት፣ የዘሩን መጠን፣ የማዳበሪያውን መጠን፣ ጊዜውን በየመስመሩ ጻፍ። ከዚያ ስንዴ። ከዚያ በቆሎ። ርዕሶቹን በሄዲንግ 1 አድርጋቸው፣ በእጅ አታድምቃቸው። ሄዲንግ ካደረግህ ካሊበርም ሊብሬ ኦፊስም ማውጫ ይሠሩልሃል፤ ማሳ ላይ ሆነህ ማውጫውን ከፍተህ ጤፍ ስትነካ እዚያው ያደርስሃል።

ሊብሬ ኦፊስ ያልኩት ቢሮህ ላይ ካለ ሌላ ነገር መጫን ስለማያስፈልግህ ነው። እንደ ወርድ የሚጽፉበት ነጻ ፕሮግራም ነው፣ ከ6.0 እትሙ ጀምሮ በራሱ ኢፐብ ያወጣል። ካሊበር ደግሞ አዲሱን የወርድ ፋይል ዓይነት ዶክኤክስ እንጂ የድሮውን ዶክ አይቀበልም፤ የድሮ ፋይል ያለው በሊብሬ ኦፊስ ከፍቶ በአዲሱ ያስቀምጠው። መስመሩን በሁለቱም ዳር እኩል የሚያደርገውን ጀስቲፋይ የሚለውንም አጥፉት። የእኛ ቃል ረጅም ነው፤ «እንዳልተመለሰላቸው» የሚል ቃል ጠባብ ስክሪን ላይ ሲገባ በቀሩት ቃላት መካከል ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። ከግራ ይጀምር፣ የቀኙ ዳር ያልተስተካከለ ይሁን።

የቢቸናው መምህር

ዛሬ ኢፐቡን ላክሁ። ክፍል ውስጥ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። እንደ ልማዴ «ገጽ 34 አውጡ» አልሁ። የአንዱ ስልክ 34 ሰዋስው ነው፣ የሌላው 34 ግጥም ነው፣ ፊደል ያሰፋው ልጅ ገና መግቢያው ላይ ነው። ወረቀት የያዙትም አሉ። ግማሽ ክፍለ ጊዜ በዚህ አለቀ።

የዲማው ደቀ መዝሙር

መምህር፣ ዳዊት በገጽ አይጠራም። መዝሙር 1 ቢሉ በብራናውም በታተመውም በስልኩም አንድ ቦታ ነው። ማስታወሻዎን እንደዚያ ያድርጉት። ምዕራፍ ይስጡት፣ አንቀጹን ቁጥር ይስጡት።

የቢቸናው መምህር

ይህን እንዴት አላሰብሁትም! ከትናንት ወዲያና ትናንት ማታ ተቀምጬ አንቀጹን ሁሉ ቆጠርሁት፤ 6 ምዕራፍ፣ 412 አንቀጽ ወጣው። ዛሬ «ምዕራፍ 3 ቁጥር 18» ስል ወረቀት የያዘውም ስልክ የያዘውም እኩል አገኘው። ስልክ የሌላቸው ሁለት ልጆች አሉ፤ ለእነሱ በዚያው ቁጥር በኤ4 አሳትሜ ሰጠኋቸው።

የቀረኝ የቅኔው ምዕራፍ ነው። ከእሱ 11 ገጽ ገና በእጅ የተጻፈ ነው፣ ማሽን አያነበውም፣ እየጻፍሁት ነው። ደቀ መዝሙር፣ ስጨርስ ፊደሉን ታይልኛለህ? ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ኀ እንዳይቀላቀሉብኝ ያስፈራኛል።

የዲማው ደቀ መዝሙር

በደስታ። ኢፐብ ሳያደርጉት ወርዱን ይላኩልኝ፣ ማረም የምችለው በሱ ነው። ቅዳሜ ለገበያ ቢቸና እወርዳለሁ፤ የእጅ ጽሑፉንም ይዘው ቢመጡ ከዋናው ጋር እያስተያየን እናርመዋለን።